የአያት ፎቶግራፍ የማን ነው?

በቤተ ሰብ መካከል ስለ መሬትና ስለ ከብት ክርክር ሲነሣ ሕጉን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ አንድ ቁራጭ ጋዜጣ ግን ሕግ መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ የዳንግላ ወጣት ከሴት አያቱ ሣጥን ያገኘውን ቁራጭ ጋዜጣ ይዞ ወደኛ በመጣ ጊዜ፥ ነገሩ ለብዙ ቤት የሚጠቅም ሆኖ አገኘነው።

ጋዜጣው የታተመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ወንድ አያቱ እንደ አገው ፈረሰኛ ወግ በተሸለመ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከዚህም በቀር ለቤተ ሰቡ ሌላ መልካቸውን የሚያሳይ ነገር አልቀረም። ወጣቱ የትውልዱን ታሪክ ጽፎ ፎቶግራፉን በመጽሐፉ መክፈቻ ሊያደርገው ቢያስብ፥ አታሚው «የባለቤቱን ፈቃድ አምጣ» አለው። የፎቶግራፍ አንሺው ስም ግን አልተጻፈም።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በዚህ ነገር አስቀድሞ የሚጠየቀው ፎቶግራፉ የተነሣበት ጊዜ ነው። ዛሬ የሚሠራበት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፥ ለደራሲ በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ሲሰጥ፥ ለፎቶግራፍ የሰጠው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ይህ ዘመን ሲፈጸም ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል።

የተነሣበት ቀን ባይታወቅ ጋዜጣው ራሱ ምስክር ነው። ያልተነሣ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ሊወጣ አይችልምና፥ ከታተመበት ቀን መቁጠር ይበቃል። በ1954 ላይ 25 ቢደመር 1979 ይሆናል፤ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። እንግዲህ ጋዜጣ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ሁሉ የጋዜጣውን ስምና ቀን አብሮ ይጠብቅ። ቀኑ የጠፋበትም ሰው በአዲስ አበባ በወመዘክር የተቀመጡትን የቆዩ ጋዜጦች መመርመር ይችላል።

ሆኖም ከፎቶግራፉ አጠገብ ያለው ጽሑፍ የራሱ ዘመን እንዳለው ልብ ይሏል። መጽሐፉንም በውጭ አገር ለማሳተም የሚያስብ ሰው የዚያን አገር ሕግ ይጠይቅ፤ በአሜሪካ የአሮጌ ጋዜጣ ሥራ ጥበቃ እስከ 95 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

ከዚህም ሌላ የፎቶግራፉ መብት ቢያልቅም የሰውየው ክብር አያልቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ የሰው መልክ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ለታወቁ ሰዎችና ሕዝብን ለሚመለከቱ በዓላት የተለየ ድንጋጌ ቢኖርም፥ ሰውየው ከሞተ መብቱ ለቤተ ዘመዱ ይተላለፋል።

ስለዚህ ወጣቱን፥ «የአታሚውን ጥያቄ ዘመኑ መልሶልሃል፤ አሁን ሴት አያትህን ጠይቅ» አልነው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሮጊቷ ፈቅደዋል፤ ነገር ግን ከባላቸው ስም በታች የፈረሱም ስም እንዲጻፍ አዝዘዋል። ይህን ስም ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም።