ማዕበሉ ከውስጥ ነው

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ የነበሩት የጀኔራል ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ሥራቸው መረጋጋት አልነበረውም። አንድ ሰሞን ሠራተኛው በሦስትና በአራት ፈረቃ ሲራወጥ ይከርማል፤ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ግማሹ ይቀነሳል። ለምን ሲባል መልሱ የተለመደው ነበር፦ ኢኮኖሚው አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል፤ ታዲያ ፋብሪካው ምን ያድርግ?

ይህ መልስ ያላሳመነው ጄይ ፎረስተር የተባለ መሐንዲስ ነው። ፎረስተር ነብራስካ ውስጥ መብራት ባልገባበት የከብት እርባታ ቦታ አድጎ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከአሮጌ የመኪና ዕቃዎች በነፋስ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የገጣጠመ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ራሳቸውን በራሳቸው የሚያርሙ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ላይ ሠርቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ አንድ አስቸጋሪ ባሕርይ አለው። እርማቱ ዘግይቶ ከደረሰ ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ ይህን ለማስተካከል ሲመለስም እንደገና ያልፋል። ከውጭ የሚገፋው ሳይኖር ይወዛወዛል። ፎረስተር በ1956 ወደ ኤም.አይ.ቲ. የማኔጅመንት ትምህርት ቤት ሲዛወር ይህን እውቀት ይዞ ነበር የሄደው።

ለፋብሪካዎቹ ጥያቄ የተጠቀመው በእርሳስና በደብተር ነው። የፋብሪካዎቹን ሰዎች ሠራተኛ ስትቀጥሩ፣ ዕቃ ስታዙ በምን ላይ ተመሥርታችሁ ትወስናላችሁ ብሎ ጠየቀ። ገጹን በዓምድ ከፍሎ ክምችቱን፣ ሠራተኛውንና ትዕዛዙን አሰፈረ፤ ከዚያም በነገሩት ደንብ መሠረት ሳምንት በሳምንት አሰላ። ከደንበኛ የሚመጣው ትዕዛዝ ምንም ሳይለዋወጥ እንኳ የሠራተኛው ቁጥር ከፍና ዝቅ ማለቱን አልተወም። በገበያ ተሳብቦ እንጀራቸውን ያጡት ሰዎች፣ ቢያንስ በከፊል፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ባወጣው የአሠራር ደንብ ነበር የተባረሩት። ከሒሳቡ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ ይህ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በትንሽ ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ቸርቻሪ በሳምንት 100 ዕቃ ይሸጣል እንበል። ደንቡ የሦስት ሳምንት ሽያጭ፣ ማለትም 300 ዕቃ፣ በመጋዘን መያዝ ነው። አንድ ሳምንት ሽያጩ ወደ 110 ከፍ አለና እዚያው ጸና። ቸርቻሪው የተሸጠውን 110 ይተካል፤ መጠባበቂያውም 330 መሆን ስላለበት 30 ይጨምራል። ያዘዘው 140 ነው። በዚያው ደንብ የሚሠራው ጅምላ ነጋዴ ደግሞ ፍላጎቱ 140 ደርሷል ብሎ ያምናል፤ 140ውን ተክቶ፣ መጠባበቂያውን ከ300 ወደ 420 ለማድረስ 120 ጨምሮ 260 ያዛል። በሚቀጥለው ሳምንት ቸርቻሪው ያለ ምንም ጭማሪ 110 ብቻ ሲያዝ፣ ጅምላ ነጋዴው መጋዘኑ ሞልቶ ያገኘዋል፤ ትዕዛዙ ወደ 20 ይወርዳል። ሸማቹ አሥር በመቶ ጨምሮ ዝም ብሏል፤ ፋብሪካው ግን በአንድ ሳምንት 260፣ በተከታዩ 20 ተጠየቀ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ቀጥሮ በሁለተኛው ቢያሰናብት ማን ይፈርድበታል? ከፊቱ ያለው ወረቀት የሚለው እንደዚያ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ መዘግየት የሚባል ነገር ገና አልገባም። ዕቃው ለመድረስ ሳምንታት ሲፈጅበትስ? የኤም.አይ.ቲ. ሰዎች ይህን ለማሳየት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የጠረጴዛ ጨዋታ አዘጋጁ። ቸርቻሪ፣ ጅምላ ነጋዴ፣ አከፋፋይና የቢራ ፋብሪካ የሆኑ አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ መነጋገር ክልክል ነው፤ የሚተላለፈው የትዕዛዝ ቁጥር ብቻ ነው። የደንበኛው ፍላጎት በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 4 ሳጥን ነው፤ ከአምስተኛው ጀምሮ 8 ይሆንና እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆያል። ለውጡ ይህ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ግን መጀመሪያ ቢራ ይጎድልባቸዋል፣ ደንግጠው አብዝተው ያዛሉ፤ በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ደርሶ መጋዘናቸውን ያጥለቀልቀዋል። የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪው ጆን ስተርማን በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ የቡድኖቹ አማካይ ወጪ በትክክለኛ ውሳኔ ሊገኝ ከሚችለው አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ተጫዋቾች ሲጨርሱ የደንበኛውን ፍላጎት ሳሉ ሲባሉ ብዙዎቹ የሚስሉት ከፍና ዝቅ የሚል ማዕበል ነው። ስተርማን ያገኘው ዋና ጥፋት አንድ ነው፦ ሰው ያዘዘውን፣ ግን ገና መንገድ ላይ ያለውን ዕቃ ከቁጥር አያስገባም።

ፎረስተር በደብተር የጀመረውን ሥራ ተባባሪዎቹ ወደ ኮምፒውተር አሻገሩት፤ ፊሊስ ፎክስና አሌክሳንደር ፒዩ ዳይናሞ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩለት፤ ፎረስተር ስለዚህ ሥራ የጻፈው መጽሐፍም በ1961 ወጣ። በዚሁ ዘመን ኦስሎ ላይ ኦሌ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ እያንዳንዱን ደንበኛና እያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻ የሚከተል ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ፈጠሩ። ዛሬ ብዙ ሶፍትዌር የሚጻፍበት መንገድ መነሻው እሱ መሆኑን ስንቱ ፕሮግራመር ያውቅ ይሆን? አንድ አሠራር በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ አስመስሎ የሚያሳየው፣ ዳይናሚክ ሲሙሌሽን የሚባለው ዘርፍ በሁለቱም መንገድ፣ ጥቅሉን በማስላትም እያንዳንዱን በመከተልም፣ ይሠራል፤ የሁለቱም ጉልበት ሰዓቱን ማስኬዳቸው ላይ ነው።

በአገራችን ከ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ ወዲህ በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (ቢ.ፒ.አር.) ውስጥ ያለፈ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ሂደት በሳጥንና በቀስት ሲሳል አይቷል። ሥዕሉ ጠቃሚ ነው፤ ማን ለማን እንደሚያስተላልፍ ያሳያል። ሰልፉን ግን አያሳይም። ሁለት ቢሮዎች አንድ ዓይነት ሥዕል ኖሯቸው በአንዱ ጉዳይ በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ፣ በሌላው ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

አንድ መስኮት እንውሰድ። ባለጉዳይ ያለ ቀጠሮ ይመጣል፣ አንዱ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሌላው ይቆያል፤ አማካዩ 10 ደቂቃ ነው። የሠራተኛዋ ጊዜ 80 በመቶ ከተያዘ፣ በወረፋ ሒሳብ መሠረት ባለጉዳዩ ተራው እስኪደርስ በአማካይ 40 ደቂቃ ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲሆን 90 ደቂቃ። 95 በመቶ ሲሆን 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ሠራተኛ ሥራ ፈታ አትቀመጥ የሚል አለቃ፣ ሳያውቀው ሰልፉን እያረዘመ ነው።

አሁን ደግሞ ማስረጃ ጎድሏቸው የሚመለሱትን እንጨምር። መስኮቱ ተመላሽ ባይኖር ኖሮ የሚያዘው 70 በመቶው ብቻ ይሁን፤ ጥበቃው 23 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአራት ባለጉዳዮች አንዱ “ይህን አሟልተህ ና” ተብሎ በየጊዜው የሚመለስ ከሆነ ጫናው ወደ 93 በመቶ ይወጣል፤ ጥበቃው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ ለተመላሹ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። ሰዉ ያው ነው፣ ሠራተኛዋም ያችው። ከውጭ የሚያይ ሰው ሠራተኛዋ ሰነፍ ናት ብሎ ይደመድማል፤ እሷም ሕዝቡ በዛ ትላለች። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሰልፉን የሠራው ተመላሹ ነው። በሞዴሉ፣ ማለትም አሠራሩን በሚያስመስለው በዚህ ስሌት፣ ላይ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች በግልጽ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ቢፈተን፣ ማስታወቂያው ተመላሹን በግማሽ እንኳ ከቀነሰ ጥበቃው ወደ 40 ደቂቃ ይወርዳል። አንድ ብር ደመወዝ ሳይጨመር።

እንዲህ ያለ ሞዴል ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር የግድ አይደለም። ባለጉዳይ የመጣበትና የወጣበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ አገልግሎት የፈጀው ጊዜ፣ የተመለሰው ሰው ቁጥርና የተመለሰበት ምክንያት ለጥቂት ሳምንታት ቢመዘገብ ለመጀመሪያው ሞዴል ይበቃል። ከባዱ የሰዎቹን እውነተኛ ደንብ ማግኘት ነው። በመመሪያ የተጻፈው አንድ፣ በሥራ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊዋ አስቸኳይ የምትለውን ፋይል ከላይ ታስቀምጣለች፣ መጋዘን ኃላፊው እጥረት ሲፈራ ትዕዛዙን እጥፍ ያደርጋል። በመመሪያው ብቻ የተሠራ ሞዴል በወረቀት ላይ ያለውን መሥሪያ ቤት እንጂ የሚሠራውን አያስመስልም። ስለዚህ ማሻሻያ ከመሞከሩ በፊት ለሞዴሉ ያለፈው ዓመት መረጃ ይሰጠዋል፤ ያለፈውን ሰልፍ፣ ያለፈውን እጥረት ራሱ መልሶ ማውጣት ካልቻለ አይታመንም፤ ተመልሶ ሠራተኞቹን ምን ቀረ ብሎ መጠየቅ ነው።