በአራት ሽቦ የተንጠለጠለ ዓይን

ሲቀላ ሰፈር፣ በአንድ ወዳጄ የጥገና ሱቅ ውስጥ አቧራ የጠገቡ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ተደርድረዋል። ፍላሽ ከመጣ ወዲህ ተመልሶ የሚጠይቃቸው የለም። ባለቤቶቻቸው ሲያመጧቸው ሁሉም የሚሉት አንድ ነበር፦ «ሌንሱ ተቃጥሏል።» ያ ሌንስ እንዲህ በቀላሉ ሲከሰስ ያንገበግበኛል።

ዲስኩ ይሽከረከራል፣ የሌዘር ብርሃን ያርፍበታል፣ ነጥሮ የተመለሰው ይነበባል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሌንሱ መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ ግን ብዙ ሰው ይስታል። እንደ ሸክላ መርፌ ይመስላቸዋል። መርፌዋን ቦዩ ራሱ ይመራታል፤ ሌንሱ ግን ዲስኩን አይነካውም። የአንድ ሲዲ ጥምዝ መስመር ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሰፈር ከሚያወጣው መንገድ ይረዝማል። በዙርና በዙር መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 1.6 ማይክሮን ነው፤ በዲቪዲ 0.74። ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። በዚያ ላይ የዲስኩ ቀዳዳ ልክ መሃል ላይ ስለማይውል፣ መስመሩ በእያንዳንዱ ዙር ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ሌንሱ ባለበት ቢቆም በአንድ ዙር ብቻ ብዙ መስመር ያመልጠው ነበር።

እናም ያሳድደዋል። በብዙ የሲዲ ማጫወቻዎች ሌዘሩ በሦስት ይከፈላል፤ መሃለኛው ያነባል፣ ሁለቱ የመስመሩን ግራና ቀኝ ይጠብቃሉ። የአንደኛው ብርሃን ከሌላው ከበለጠ ሌንሱ ስቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከሌንሱ ጋር በተያያዘው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ጥቅሉ በማግኔቶች መካከል ይገፋል፣ ሌንሱ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ዲስኩ ሲርገበገብም ሽቅብ ቁልቁል ይከተለዋል። ለዚህ ነው በአራት ቀጫጭን ሽቦዎች የተንጠለጠለው። ታዲያ በእነዚህ ሽቦዎች የተንጠለጠለውን ሌንስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እንደ ጫማ የምትወለውሉ ሰዎች፣ እባካችሁ!

ረጅሙን ጉዞ የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ ሌንሱን ከነተሸካሚው በሐዲድ ላይ የሚገፋ ትንሽ ሞተር። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባዋ ዝግ ብላ ስትሄድ የአሳ አጥማጁ እጅ ግን መረቡን ይዞ እንደሚቀላጠፈው፣ የሞተሩና የሌንሱ ሥራ ለሁለት ተከፍሏል።

አንድ ቀን አንዲት እናት «የልጄ ሠርግ ምሳው ላይ ሲደርስ ይቆማል» ብለው ማጫወቻቸውን አመጡ። ዲስኩን ጠርጥረው ነበር። ሌላ ዲስክ ስናስገባ እሱም እዚያው አካባቢ ቆመ። ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ስለሆነ፣ ሁለቱንም ያስቆማቸው ሐዲዱ ላይ ያለ አንድ ቦታ መሆን አለበት። ከፈትነው፤ የሐዲዱ ግራሶ ደርቆ ከአቧራ ጋር ተጋግሯል። ጠረግነው፣ ትንሽ አዲስ ግራሶ ቀባነው። ሌንሱን ማንም አልነካውም። ሠርጉ ምሳውን አልፎ ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ተጫወተ።