ተጨማሪ መረጃ፦ የጉድጓድ ውሃ ለምን ይቀላል? ለምንስ ይሸታል?

በደቡብ ጎንደር ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የጉና ተራራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ያወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ብረት አለበት። የከርሰ ምድር ውሃ አየር በሌለበት ጥልቀት ብረቱን ሊያሟማ ይችላል። እንዲህ ያለው ውሃ ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው፤ ጀሪካን ውስጥ ሲያድር ግን ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ዝገት ይሆናል። ነጠላ ያቀላል፣ ሻይ ያጠቁራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ብረቱ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የታጠበ ልብስ ላይ እድፍ ይተዋል።

መፍትሔው ራሱ አየር ነው፦ ውሃውን ከባልዲ ወደ ባልዲ ከፍ አድርጎ ደጋግሞ መገልበጥ፣ ማሳደር፣ በታጠበ አሸዋ ማጥለል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝም በዚሁ መንገድ በአብዛኛው ይበናል። እንስራን በወይራ ማጠን መዓዛው ግሩም ነው፤ ብረት ግን አያወጣም። «ውሃ አጋር»ን የመሰለ ክሎሪን የሚጨመረው ከተጣለለ በኋላ ነው፤ አለዚያ ብረቱ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

የእጅ ፓምፑ ጠዋት ቀይ ውሃ ሰጥቶ ቆይቶ የሚጠራ ከሆነ፣ የዛገው የፓምፑ ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም፤ ለውሃ ኮሚቴው ንገሩ።