የተጻፈ ቁጥር ሁሉ የተመዘነ አይደለም

እናቶቻችን ምግብ ሲያሰናዱ የሚለኩት በእጃቸውና በዓይናቸው ነበር፤ ጨውን በቁንጥር፥ በርበሬን በማንኪያ፥ ዱቄትን በጣሳ፥ ውሃን በግምት ያደርጉ ነበር። ልኬቱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ ስለ ነበር፥ ስለ ትክክለኛነቱ የሚጠየቅ ሰው ቢያስፈልግ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይገኝ ነበር። በዘመናችን ግን ሌላ ዓይነት መለኪያ ወደ ቤታችን ገብቷል። ሰው የበላውን ምግብ ስም በእጅ ስልኩ ላይ ይጽፋል፥ ወይም በመጠቅለያው ላይ ያለውን ባር ኮድ ለስልኩ ካሜራ ያሳያል፤ መተግበሪያውም ወዲያው ይህን ያህል ካሎሪ፥ ይህን ያህል ፕሮቲን፥ ይህን ያህል ስብ በልተሃል ብሎ ይነግረዋል። ክብደቱን ለመቀነስ የሚሻው፥ የስኳር ሕመም ያለበት፥ ሐኪም ጨው የከለከለው ሁሉ በዚህ ይገለገላል። መገልገሉም መልካም ነው። ነገር ግን አባቶች «ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» እንዳሉት፥ ስልኩ ያንን ቁጥር ከወዴት አገኘው? ማንስ መዘነው? ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ቤተ ሰብ ተግባር ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ከሥሩ ለመመልከት እንወዳለን።

ቁጥሩ በመጀመሪያ እንዴት ተገኘ?

ካሎሪ የኃይል መለኪያ ነው። በምግብ ረገድ አንድ ካሎሪ የምንለው 1 ኪሎግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃው ኃይል ነው። የምግብን ኃይል ለማወቅ እጅግ ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ በአሜሪካ፥ በኮኔቲከት ግዛት፥ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ዊልበር አትዋተር ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1844 ተወልደው በ1907 ያረፉ ሲሆን፥ ምግብን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እያቃጠሉ ሙቀቱን ይለኩ ነበር፤ ከባልደረቦቻቸውም ጋር ሰውን በተለየ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚበላውን ምግብና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት ይመረምሩ ነበር። ከዚህ ድካም የተገኘው ሒሳብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ይኸውም 1 ግራም ፕሮቲን 4፥ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4፥ 1 ግራም ስብ ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል የሚለው ነው።

በአገራችንም ይኸው ድካም አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1997 ድረስ በኢትዮጵያ ምግቦች ላይ የተደረገው ምርመራ ውጤት ተሰብስቦ በ1998 በአዲስ አበባ በሰንጠረዥ ታትሟል። እንግዲህ እውነተኛ የምግብ ቁጥር ማለት አንድ ሰው ምግቡን በሚዛን ላይ አኑሮ፥ አድርቆ፥ ፈጭቶና መርምሮ ያገኘው ቁጥር ነው። ከኋላው ሚዛን አለ።

ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ

ከምግብ መከታተያ መተግበሪያዎች እጅግ የታወቀው ማይፊትነስፓል እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ተመሠረተ። መዝገቡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የምግብ ስሞችን ለመያዝ የበቃው፥ ብዙዎቹን ያስገቡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ ነው። ይህም አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። በየአገሩ ገበያ የሚሸጠውን ብስኩት፥ በየቤቱ የሚሠራውን ወጥ ሁሉ አንድ በአንድ ሊመረምር የሚችል የምርመራ ቤት የለም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ወገናችን እንጀራንና ምስር ወጥን በእንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው፥ ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት አንድ ሰው ጊዜውን ሰውቶ ስላስገባው ነው። ስለዚህ አስገቢዎቹ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባቸውም።

ሆኖም የምርመራ ቤት ሰው የመዘነው ቁጥርና ከሥራ ሲመለስ በአውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በግምት የጻፈው ቁጥር በስልኩ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የሚያነበውም ሰው ሁለቱን እኩል ያምናቸዋል። አደጋው ያለው በዚህ ላይ ነው።

ስሕተቱ በየት በኩል ይገባል?

አንደኛው በር የጥሬና የበሰለ መምታታት ነው። በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ 100 ግራም ጥሬ ጤፍ 367 ካሎሪ ሲኖረው፥ 100 ግራም የተቀቀለ ጤፍ ግን 101 ብቻ አለው፤ ጥሬ ምስር 352 ሲሆን የበሰለው 116 ነው። እህሉ ኃይሉን አላጣም፤ ውሃ ጠጥቶ ከበደ እንጂ። አስገቢው «ምስር» ብሎ ብቻ ጽፎ ጥሬ ወይም ብስል መሆኑን ካልገለጸ፥ የሚቀጥለው ሰው ሦስት እጥፍ በሚሆን ልዩነት ይሳሳታል።

ሁለተኛው የመለኪያ ልዩነት ነው። በአውሮፓ መጠቅለያዎች ላይ ኃይሉ በኪሎጁልም በካሎሪም ይጻፋል፤ 1 ካሎሪ ወደ 4.2 ኪሎጁል ይሆናል። 420 ኪሎጁል የሚለውን 420 ካሎሪ ብሎ የገለበጠ ሰው 100 የነበረውን ከአራት እጥፍ በላይ አደረገው። እንደዚሁም አውሮፓውያን ጨው ብለው ሲጽፉ አሜሪካውያን ሶዲየም ብለው ይጽፋሉ፤ 1 ግራም ሶዲየም ግን ከ2.5 ግራም ጨው ጋር ይተካከላል። ካርቦሃይድሬትም ቢሆን በአሜሪካ ፋይበርን ጨምሮ፥ በአውሮፓ ፋይበርን ለይቶ ስለሚጻፍ፥ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ሒሳቡን ያፋልሳል።

ሦስተኛው ባዶ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገው ካሎሪን ብቻ ስለ ሆነ ያንን ጽፎ የብረቱን፥ የፖታሲየሙንና የሌላውን ስፍራ ሳይሞላ ይተወዋል። በቀኑ ድምር ላይ ግን ያ ባዶ ስፍራ እንደ ዜሮ ሊቆጠር ይችላል። ይህ ለጾመኞች ቤት በተለይ መታወቅ አለበት። ቪታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ስለ ሆነ፥ በዘይት በተሠራ የጾም ሽሮ ላይ ቢ12 ዜሮ ተብሎ ቢጻፍ እውነት ነው። በዚያው ሽሮ ላይ ብረት ዜሮ ቢል ግን ምግቡ ብረት አጥቶ ሳይሆን አስገቢው ዝም ብሎ ነው። አንዱ ዜሮ እውቀት ሲሆን ሌላው ዝምታ ነው፤ በስልኩ ላይ ግን አይለያዩም።

የእኛው ምግብ

የአገራችን ምግብ ከዚህ ሁሉ በላይ የራሱ ችግር አለው። «አንድ እንጀራ» ብሎ የጻፈ ሰው የትኛውን እንጀራ ማለቱ ነው? የምጣዱ ስፋትና የሊጡ ውፍረት ከቤት ቤት ይለያያል። በአገር ቤት ጤፍ ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ይቀላቀላል፤ በውጭ አገርም የስንዴ ወይም የሩዝ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ። የወጡም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ አንዲት ባለሙያ ለድስቱ ሁለት ማንኪያ፥ ሌላይቱ ስድስት ማንኪያ ብታደርግ በሁለቱ ድስቶች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 480 ካሎሪ ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም «ሽሮ» ተብለው ይጠራሉ። በቅቤ የተሠራው የፍስክ ሽሮም በዚያው ስም ሊገባ ይችላል።

የጤፍ ብረት ደግሞ ለሊቃውንቱም ቢሆን ብዙ አነጋግሯል። ጤፍ በዐውድማ ላይ በከብት እግር ሲወቃ አፈር ስለሚቀላቀልበት፥ የተመረመረው የብረት መጠን ከናሙና ወደ ናሙና እጅግ ይራራቃል። ከአፈር የመጣውንም ብረት ሰውነታችን እንደ ልብ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት በስልኳ ላይ ከፍ ያለ የብረት ቁጥር አይታ ሐኪም ያዘዘላትን የብረት ክኒን ብትተው፥ ራስዋንም ፅንስዋንም ትጎዳለች።

ስሕተቱ ማንን ይጎዳል?

ጤነኛ ሰው በቀን ውስጥ 50 ካሎሪ ቢሳሳት የሚደርስበት ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን በኢንሱሊን የሚኖረውን ወንድማችንን እናስብ። ለምሳሌ ሐኪሙ ለየ10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ኢንሱሊን እንዲወጋ አዝዞለታል እንበል። ይህ ሰው 200 ግራም የበሰለ ሩዝ በላ፤ በዚህ ውስጥ 56 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። በመዝገቡ ላይ የመረጠው ግን የጥሬ ሩዝ ቁጥር ቢሆን 160 ግራም ያህል ይነግረዋል። እንግዲህ 5 ወይም 6 ዩኒት በሚገባው ፈንታ 16 ሊወጋ ነው። በደሙ ያለው ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱን ሊስት፥ ፈጥኖ ካልተረዳም ሊሞት ይችላል። ኩላሊቱ የደከመና ፖታሲየም እንዲቀንስ የታዘዘ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ባዶውን ስፍራ ዜሮ ነው ብሎ ቢያምን ልቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

የተጻፈበት መጠቅለያ ራሱስ?

አንዳንድ ሰው «እኔ ከመጠቅለያው ላይ ስለምገለብጥ አልሳሳትም» ይል ይሆናል። መጠቅለያው ከግምት ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱም ወሰን አለው። በአሜሪካ ሕግ የአንድ ምግብ ካሎሪ በምርመራ ሲገኝ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም። በአንድ ጊዜ መመገቢያ ከ5 ካሎሪ በታች የሆነውንም ዜሮ ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ 4 ካሎሪ ያለውን «ዜሮ» አሥር ጊዜ የወሰደ ሰው ሳያውቀው 40 ካሎሪ ወስዷል።

አንዳንድ መዝገቦች ይህን ጉድለት ለማረም ይጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ አገር የተጀመረው ኦፕን ፉድ ፋክትስ አስገቢዎች የመጠቅለያውን ፎቶግራፍ ከቁጥሩ ጋር እንዲያኖሩ ያደርጋል፤ የተጠራጠረም ሁሉ ፎቶግራፉን አይቶ ያርማል። ክሮኖሜተር የሚባለው ደግሞ ይልቁንም በመንግሥትና በዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዦች ላይ ይደገፋል፤ ተጠቃሚዎች የሚልኩትንም ሠራተኞቹ ያዩታል።

ቤተ ሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ ቁጥሩን በሒሳብ መፈተን ይገባል። አንድ ምግብ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት፥ 10 ግራም ፕሮቲንና 10 ግራም ስብ አለው ተብሎ ካሎሪው 150 ቢባል፥ 120ን፥ 40ንና 90ን እንደምር፤ 250 ይመጣል። እንግዲህ ከቁጥሮቹ አንዱ ሐሰት ነው። ይህን ድምር በትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ለልጆችም መልካም ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፥ አዘውትረን የምንሠራውን ወጥ ራሳችን እንመዝነው። ሽሮውን፥ ዘይቱንና ሽንኩርቱን ገና በጥሬው መዝነን፥ የበሰለውን ድስትም መዝነን በቤታችን ስም ብንመዘግበው፥ የማናውቀው ሰው ከጻፈው «ሽሮ» ይልቅ ይታመናል። ሦስተኛ፥ ከብዙ ቁጥሮች መካከል ደስ የሚያሰኘንን ትንሹን አንምረጥ፤ ምንጩ የተገለጸውን እንምረጥ። አራተኛ፥ መድኃኒት በምግብ ልክ የሚታዘዝለት ሰው የሚጠቀምበትን መዝገብ ለሐኪሙ ያሳይ፤ በስልኩ ቁጥር ብቻ ተመርቶ የታዘዘለትን አይለውጥ።

በመጨረሻም በመዝገቡ ላይ ለሚጽፉት አንድ ቃል አለን። በገበያ ሚዛኑን ያጎደለ ነጋዴ የሚጎዳው ፊቱ የቆመውን ገዢ ነው፤ ገዢውም ተመልሶ ሊጠይቀው ይችላል። በጋራ መዝገብ ላይ ቸል ብሎ የጻፈ ሰው ግን ማንን እንደሚጎዳ አያውቅም፤ የተጎዳውም እርሱን አያገኘውም። ስለዚህ ያልመዘንነውን አንጻፍ፤ ጥሬ ከሆነ ጥሬ፥ ብስል ከሆነ ብስል እንበል፤ የማናውቀውን ስፍራ በግምት ከመሙላት እንከልከል፤ የተሳሳተም ብናገኝ አልፈነው ከመሄድ ይልቅ እናርመው። ያችን ቁጥር ነገ የሚያነባት ሰው በአንድ እጁ ስልኩን፥ በሌላው እጁ የኢንሱሊን መርፌውን ይዞ ሊሆን ይችላልና።