ፊቱ ታየ፣ ድምፁስ?

ሰቆጣን ረግጦ የማያውቅ ሰው ዋግ ሲባል ቀድሞ የሚመጣበት ረሃብ ነው። ይህን ምስል የሰጠው ፊልም ነው። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ዋግ ያኔ ይገኝበት የነበረውን የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ሥጋ ከሚበሉ የንጉሡ ውሾች ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፤ ንጉሡ በማግስቱ ወረዱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በወሎ መሐመድ አሚን የቀረፀው የኮረም ንጋት በቢቢሲ ታየ። ብርድ፣ ጭስ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሕዝብ፤ የሚተርከው ግን የቢቢሲው ማይክል በርክ ነው። ምስሉ ብዙ ነፍስ እንዳዳነ አልክድም። ሆኖም በምስሉ ላይ የታየው ገበሬ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ምን ያርስ እንደነበር ዛሬም አናውቅም።

ፊትን አሳይቶ ድምፅን የመንፈግ ይህ ልማድ ከካውቦይ ፊልሞች ጋር ይዛመዳል። የታሪክ ተመራማሪዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ፤ ሆሊውድ ግን ነጭ አደረጋቸው። በጆን ፎርድ «ዘ ሰርቸርስ» (እ.አ.አ. 1956) የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የኮማንቼዎችን አለቃ የተጫወተው ጀርመን የተወለደ ነጭ ነው፤ ተከታዮቹን የተጫወቱት ናቫሆዎች ናቸው። ፎርድ በ1960 (እ.አ.አ.) «ሳጅን ራትሌጅ» ላይ ለጥቁሩ ውዲ ስትሮድ የባለታሪኩን ቦታ ሰጠው፤ በተዋንያን ዝርዝር ግን ስሙ ከነጮቹ በኋላ መጣ። በዚያው ዓመት ስትሮድ በ«ስፓርታከስ» ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ሆኖ ጥቂት ቃል ተናግሮ ይሞታል።

በአገራችን ከ«ሂሩት አባቷ ማነው?» (1957 ዓ.ም.) ወዲህ ካሜራው በእጃችን ገብቷል። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የኦሮሞን የደም ዕርቅ አነሣ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ገበሬውን ራሱን አናገረ፤ ለእኔ ትልቁ መታጠፊያ እሱ ነው። በ2015 (እ.አ.አ.) ካን የደረሰው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ድርቅ ከቀዬው ያፈናቀለውን ልጅ በግ የሚወድ፣ ወጥ ቤት መግባት የሚያምረው ሰው አድርጎ ያሳየናል። የተራበ ልጅ ምርጫና ጠባይ ያለው ሆኖ ሲታይ ደስ ይላል።

ዋግ ግን ኽምጣና የሚባል የአገው ቋንቋ አለው፤ በሲኒማ ቤቶቻችን እምብዛም አይሰማም። ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ ካሜራዎች ሰቆጣ ይጎርፋሉ፤ ልጃገረዶቹ የሻደይን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ሲጨፍሩ ይቀርፃሉ። ቅጠሉን ከየት እንዳጨደች፣ በኽምጣና ምን እያለች እንደምትዘፍን ከልጅቱ አፍ የሚሰማ ፊልም ነው የምጠብቀው።