ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፦ ወባ ነው ወይስ የሆርሞን ሕክምናው?

ለፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን መርፌ የሚወጉ ብዙ ወንዶች ፊታቸውንና ደረታቸውን ድንገት ያግላቸዋል፣ ያልባቸዋል። ምክንያቱ መርፌው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ስለሚቀንስ ነው። ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል።

ነገር ግን በኮር ዊሊያምም ሆነ በመላው ጁባ ወባ አለ። ትኩሳትዎ ካልበረደ፣ ካንቀጠቀጠዎት ወይም ራስዎን ካመመዎት «ከመርፌው ነው» ብለው አይዘናጉ፤ በዚያኑ ቀን ደምዎን ይመርመሩ። ሳይመረመሩም የወባ መድኃኒት አይውሰዱ።

አኩፓንክቸር ይረዳል?
አኩፓንክቸር ቆዳን በቀጫጭን መርፌዎች በመውጋት የሚሰጥ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ የስዊድን ጥናት ከ7 ታካሚዎች ሕክምናውን ለ10 ሳምንት የቀጠሉት 6ቱ ሙቀቱ ቀንሶላቸዋል። ሆኖም ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሕክምናውን ካላገኙ ሰዎች ጋርም አልተነጻጸሩም። ስለዚህ አስተማማኝ ማስረጃ አይሆንም። በሌላ ሰው ላይ የዋለ መርፌ ደግሞ ኤችአይቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። ፊትዎ ከእሽጉ ያልወጣ መርፌ አይቀበሉ።

ምን ያድርጉ?
• ስስ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡ።
• አልኮልና የሚያቃጥል ምግብ ይቀንሱ።
• የሆርሞን መርፌውን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ካንሰሩ ሊባባስ ይችላል። ሙቀቱ ከከበደዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የሚያስታግስ መድኃኒት አለ።

የጤና በጎ ፈቃደኞች፦ አባቶች ይህን ለመናገር ሊያፍሩ ስለሚችሉ ለብቻቸው ይጠይቋቸው።