ክላርክስተን፦ ከባቡር መንደር እስከ ስደተኞች ከተማ

ከአትላንታ መሀል ከተማ 10 ማይል ያህል ርቃ የምትገኘውን ክላርክስተንን ከመካከላችን የማያውቃት ጥቂት ነው። አንዳንዶቻችን ከሱዳንና ከኬንያ የስደተኛ ካምፖች ወጥተን የአሜሪካን ኑሮ የጀመርነው በርሷ ነው። ሌሎቻችን ዘመድ ልንጠይቅ፣ እንጀራና በርበሬ ልንገዛ ተመላልሰንባታል። ታሪኳን ግን ጠይቀን እናውቃለን? ዛሬ እናንሣው፤ ምክንያት አለንና።

ክላርክስተን በጆርጂያ የባቡር ሐዲድ ዳር የበቀለች ትንሽ መንደር ነበረች። ስሟን ያገኘችው ከባቡር ኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ ከነበረው ከክላርክ ሲሆን፣ በ1882 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሕግ ከተማ ተባለች። ነዋሪዎቿ ፍየል ያረቡ ስለነበር በፍየል ስም ይቀለድባት ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ቡድኖች ዛሬም የሚጠሩት በአንጎራ ፍየል ነው። የጭነት ባቡሩም ዛሬም መሀል ለመሀል ያልፋል።

አትላንታ እየሰፋች ስትመጣ በ1970ዎቹ በመንደሯ የኪራይ አፓርታማዎች ተሠሩ። ነጮቹ ተከራዮች ወደ ራቅ ያሉ ሰፈሮች ሲሄዱ ግን ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ኪራዩም ረከሰ። የጆርጂያው ተወላጅ ፕሬዚዳንት ካርተር የ1980ውን የስደተኞች ሕግ ከፈረሙ በኋላ፣ ስደተኛ የሚያሰፍሩት ድርጅቶች ርካሽ ቤትና የማርታ አውቶቡስ ያለበት ቦታ ሲፈልጉ ክላርክስተንን አገኙ። ቬትናሞች መጡ። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎችና ቦስኒያዎች ተከተሉ፤ ኋላም ቡታኖች፣ በርማዎች፣ ኮንጎዎችና አፍጋኖች ገቡ። በ2010 ቆጠራ 7,554 የነበረው ሕዝብ፣ ከተማዋ አጎራባች ቦታዎችን በመጠቅለሏ ጭምር፣ በ2020 ወደ 14,756 ከፍ አለ።

ይህን ለውጥ ከነባሮቹ ሁሉም አልወደደውም። በ2006 ከንቲባው ሊ ስዌኒ የከተማው መናፈሻ ሜዳ ለቤዝቦል ነው ብለው እግር ኳስን ከለከሉ። የተከለከሉት ዮርዳኖስ የተወለደችው ሉማ ሙፍሌህ በ2004 ያቋቋመችው፣ «ፊውጂስ» የተባለው የስደተኛ ልጆች ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። ነገሩ በ2007 በኒው ዮርክ ታይምስ ወጥቶ ዓለም አወቀው።

ለምን በነዚያ ልጆች ላይ ተቻለ? መልሱ ቀላል ነው። ወላጆቻቸው በቁጥር ብዙ ቢሆኑም ድምፅ አልነበራቸውም። ስደተኛ ዜግነት ለመጠየቅ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ያለ ዜግነት ደግሞ ካርድ የለም። ዓመታቱ ሲያልፉ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ከኤርትራ የመጡት አቶ አወት እያሱ እንኳ ተመርጠው በከተማው ምክር ቤት አገልግለዋል።

እኛስ? ስለ አራት ኪሎ ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን፤ በየምንኖርበት ከተማ ስለ ኪራይ ቤት፣ ስለ ፖሊስና ስለ ልጆቻችን ሜዳ የሚወስኑትን ሰዎች ስም ግን አናውቅም። በክላርክስተን እነዚህ ሰዎች አንድ ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት ናቸው። በጥቂት ድምፅ የሚመረጡ፣ ቢሯቸው በእግር የሚደረስ ሰዎች!

ጊዜው ደግሞ ከፍቷል። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስደተኛ የማስፈሩን ፕሮግራም አገዱ፤ የ2026 በጀት ዓመት ጣሪያም 7,500 ሰው ብቻ ሆነ። ዘመዶቻችን በካምፕ እንደተቀመጡ በሩ ጠበበ። በመጨረሻ የገቡትም ገና ድምፅ የላቸውም። ለነርሱ የሚናገር ማን ነው? ካርዱ በኪሳችን ያለ እኛ ነን። ለአገራችን ነፃ ምርጫ ስንጠይቅ ኖረናል፤ በደጃችን ያለውን ምርጫ ቤት ተቀምጠን ካሳለፍነው ግን ጩኸታችንን ማን ያምነናል?